የዮጋ መምህርነት ሥልጠናና የራስ ጥቅም ጥያቄ

ስዋሚ ቪሽኑዴቫናንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. የሲቫናንዳ ዮጋ መምህራን ማሠልጠኛን ሲጀምሩ ዓላማቸው መምህራንን ማብዛት ብቻ ሳይሆን ራሳቸውን የሚገዙና ለሰላም የሚሠሩ ሰዎችን ማፍራት ነበር። ዛሬም በብዙ አገሮች የተለመደውን የ200 ሰዓት ሥልጠና የማስተማር ሐሳብ ሳይኖራቸው፣ ለራሳቸው ጥቅም ብለው የሚወስዱ አሉ። በፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራ ከተዘረዘሩት ስምንት የዮጋ ክፍሎች ሁለተኛው ኒያማ፣ ማለትም የግል ሥነ ሥርዓት፣ ስቫድያያ የተባለውን፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በማጥናት ራስን የመመርመር ልምድ ይዟል፤ ሠልጣኙም አንድን የሰውነት አቋም ለሌላው ለማስረዳት ሲሞክር የቱን በእርግጥ እንደተረዳና የቱን በልማድ ብቻ እንደሚሠራ ስለሚገለጥለት፣ ማስተማር ራሱ የዚህ ምርመራ መሣሪያ ይሆናል። በአንጻሩ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ የሆነው ባጋቫድ ጊታ የሥራን ፍሬ ሳይመኙ መሥራትን፣ ካርማ ዮጋ የሚባለውን መንገድ፣ ስለሚያስተምር ጥቅምን አስልቶ መሠልጠን ከትምህርቱ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ግጭቱ ግን የሚታየውን ያህል የጠነከረ አይደለም፤ ለራሱ ብሎ የገባው ሠልጣኝ የተማሪውን ትንፋሽና ጉልበት መከታተል ሲጀምር ትኩረቱ ሳያውቀው ወደ ሌላው ይዞራልና። የምስክር ወረቀቱን እንደ ማዕረግ ለሚይዝ ሰው ግን፣ ይህም ብርቅ አይደለም፣ ሥልጠናው ሊያከስመው የሚገባውን እኔነት ያደልበዋል።