ዋጋው እስከ የት ነው?

ልጄ፣ የላክህልኝን ሁሉ አየሁት፤ የጨረታውን መልእክት፣ የቴሌብር ደረሰኙን፣ በኋላም ከሻጩ ጋር የተሰዳደባችሁበትን። «አጎቴ፣ ተዘርፌአለሁና አንድ በለኝ» ብለሃል። አንድ ልልህ ነው፤ የምትወደውን ብቻ ግን አይደለም። ሻጩ አልዘረፈህም። አንተም ቀጣፊ አይደለህም። ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ ያለፋችሁትን ነገር ነው አሁን ተዋውሎ እንደተካካደ ሰው የምትካሰሱበት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገሩን እንደገባኝ ልድገመው፤ ሽማግሌ የሰማውን መልሶ ካልተናገረ ባለጉዳዩ ሰምቶኛል አይልም። ቦሩ ሜዳ ለከፈትካት የስፌት ቤት በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ስትፈልግ ከረምህ። አዲስ አበባ ያለ ሰው በቴሌግራም ለጨረታ አቀረበ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል አለ። መዝጊያው ሲቃረብ ተጫራቹ በዛ፣ አንዱ መቶ ሲጨምር ሌላው ሁለት መቶ፣ አንተም እልህ ያዘህና አሸነፍህ። ከማስታወቂያው ግርጌ «ክፍለ ሀገር እንልካለን» ይላል። አንተ ያን ስታነብ ሲንጀሯ ደጃፍህ ላይ ቆማ ታየችህ። እሱ ሲጽፈው ግን መናኸሪያ ወስዶ ማስጫኑን ነው ያሰበው፤ ኪራዩ የአሸናፊው። በሌሊት ከፈልህ። በማግስቱ «የማሸጊያ፣ የታክሲ፣ የጫኝ፣ የመኪና» ብሎ ሌላ ሒሳብ ሲልክ ደምህ ፈላ። ይባስ ብሎ ያስጫነበት አይሱዙ ጭነቱ ለኮምቦልቻ ነበርና ደሴ ሳይደርስ አራገፈው። ረዳቱ ደውሎ «ዕቃህን አንሳ» ሲልህ ደግሞ ያን ምስኪን በስድብ አጠብከው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው! ረዳቱ ምን በደለህ? እሱ የተባለውን ጫነ፣ የተባለበት አወረደ።

ሜዳችን ክርክር ለምዷል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ የተቀመጡበት የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገው እዚሁ ቦሩ ሜዳ ነው። የእናንተው ግን የአይሱዙ ኪራይ ነው፤ ያን ያህል ጉባኤ አያስጠራም።

ሕግ የማያውቅ ሽማግሌ አትበለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እስካሁን የምንሸጥበትና የምንገዛበት፣ ለዚህ መልስ አለው። ገዢና ሻጭ የመረከቢያ ቦታ ካልተነጋገሩ፣ ከውሉም ቦታው የማይታወቅ ከሆነ፣ ሻጩ የሚያስረክበው ውሉ ሲደረግ ንግድ ቤቱ በነበረበት፣ ንግድ ቤት ከሌለውም በሚኖርበት ቦታ ነው። ለማስረከብ የሚወጣው ወጪ የሻጩ ነው፤ ከዚያ አልፎ ወደ ሌላ ቦታ ለማጓጓዝ የሚወጣው የገዢው። ስለዚህ ዝም ካልክ ዝምታህ አዲስ አበባ ላይ ነው የሚያስረክብህ። ሻጩ ቦሩ ሜዳን በካርታ ላይ እንኳ ላያውቃት ይችላል። «በስልክ የተጻጻፍነው ምን ዋጋ አለው» እንዳትለኝ ደግሞ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱ እንዳይነፈገው ደንግጓል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የቴሌግራም ጽሑፍ ደግሞ በሁለት ወገን ሊጠፋ ይችላልና ስክሪንሾት አንስተህ አስቀምጥ።

እኛ ሽማግሌዎቹ ጨረታ ከእናንተ በፊት ነው የምናውቀው። በኩርን ወይም አዲስ ዘመንን ገልጠህ የሐራጅና የጨረታ ማስታወቂያዎቹን አንብብ። አሰልቺ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር አይረሱም። ንብረቱ የት እንዳለ ይናገራሉ፤ ተጫራቹ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት በአካል ሄዶ እንዲያይ ቀን ይሰጣሉ፤ አሸናፊው በስንት ቀን፣ በራሱ ወጪ ማንሳት እንዳለበት፣ ካላነሳ ምን እንደሚከተል ይጽፋሉ። ጉምሩክ የወረሰውን ዕቃ ኮምቦልቻ ላይ ሲሸጥ ተጫርቶ ያሸነፈ ነጋዴ «ደሴ ድረስ አምጡልኝ» ብሎ ሲጨቃጨቅ ሰምተህ ታውቃለህ? አይልም። አስቀድሞ የአይሱዙውን ኪራይ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ቀንሶ ነው ፖስታውን የሚያሽገው። እናንተ ጨረታውን ስልክ ውስጥ ስታስገቡ ፍጥነቱን ወሰዳችሁ፣ ያችን አሰልቺ አንቀጽ ጣላችኋት።

ጣጣው የእኛ ብቻ እንዳይመስልህ። ኢቤይ የሚባለው የአሜሪካኖች የጨረታ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው የተከፈተው። ገበያው ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ዕቃው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ ብቻ ነበር፤ ከመላኪያው ላይ አይነካም። ነጋዴ መቼም ነጋዴ ነው። አንዳንዱ የዕቃውን ዋጋ ወደ ምንም አውርዶ መላኪያውን ቆለለው። ገዢ ርካሽ ያገኘ መስሎት ይጫረታል፣ ሻጭ ከኮሚሽን ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያው ነቃና ከመላኪያውም ላይ መቁረጥ ጀመረ። «በሬ ሆይ! ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ተረት የሚያውቅ አገር በዚህ ሊታለል አይገባውም ነበር፤ እንታለላለን ግን። እንበል፣ አንዱ ሲንጀር በ8,000 ብር ሊሸጥልህ ነው፤ ማሸጊያ፣ ታክሲ፣ ጫኝና መኪና ተደምሮ 2,500 ብር ያስወጣሃል። ደሴ ያለ ሌላ ሰው ደግሞ በ10,000 «መጥተህ ውሰድ» ይልሃል፤ ከደሴ ቦሩ ሜዳ ኪራዩ ጥቂት ነው፣ ዕቃውንም ረግጠህ፣ ሰፍተህበት ትገዛለህ። ዓይንህ 8,000ዋ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከመጫረትህ በፊት ወረቀት አውጥተህ ሱቅህ በር ላይ ስትደርስ ስንት እንደምትሆን ደምር። ከዚያ ኪራዩን ቀንስና የመጨረሻ ዋጋህን ወስን። እልህ ሲመጣ ወረቀቱን ተመልከት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አሁን የመንገዱን ነገር ላስረዳህ፤ ዕድሜዬን እህል ሳስጭንና ሳስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። «መላኪያ» ስትሉ እናንተ አንድ ሒሳብ ይመስላችኋል። አዲስ አበባ ከሻጩ ቤት እስከ መናኸሪያ አንድ ኪራይ አለ። እዚያ ጫኝ አለ። መኪናው ላይ ሲወጣ ሌላ ሒሳብ፤ ታሪፍ የሌለው፣ ረዳቱ በዓይኑ መዝኖ የሚናገረው። ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ ናፍጣ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ትናንት የተነገረህ ኪራይ ዛሬ አይሠራም። ሲደርስ ደግሞ ጫኝና አውራጅ ይቀበልሃል። ጠንካራ ጉልበት አለኝ፣ ራሴ አወርዳለሁ ብትል እንኳ ቦታው የማኅበር ነው ብለው የሚያስከፍሉህ አሉ፤ ያኔ መናኸሪያ መሀል ቆመህ መብትህን ስትተነትን ባጃጁ ይሄድብሃል። ጫኞቹም የሚበሉት ከዚያው ነው። ዋጋውን ዕቃው ሳይወርድ ተነጋገር፤ ከወረደ በኋላ ያለው ድርድር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኮምቦልቻ ከወረደ ደግሞ የሐረጎን አቀበት ወደ ደሴ የሚያወጣው ሌላ መኪና ያስፈልገዋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ግን አቀበት ናት፣ የአቀበት ኪራይም አቀበት ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ፤ ስለዚህ መጠየቅ የነበረብህ አንተ ነህ።

«መጥቶ መውሰድ»ም ያለ ጣጣ አይምሰልህ። ባለፈው ያን የተሰበረ ካውያህን ስትሸጥ ያደረግኸውን አልረሳሁትም። የኮምቦልቻው ልጅ «ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ» አለህ፣ አንተም እሺ አልህ፤ ቀን ግን አልቆረጣችሁም። እሱ ሳምንቱን ቆየ፣ አንተ ቦታ ጠበበኝ ብለህ ለሌላ ሰጠህ፣ እሱ የታክሲ ከፍሎ ደጅህ ሲደርስ ባዶ። ማን ጥፋተኛ ነው? የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል፤ ቅርብ ነው እያላችሁ ሁለታችሁም ናቃችሁት። ቀኑን ከነሰዓቱ ቁረጡ። ካለፈ ለሌላ እንደምትሸጥ፣ ቀብዱም ምን እንደሚሆን አስቀድመህ ንገረው። ገዢ ስትሆን ደግሞ በቀን ሂድ፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ፣ ፒያሳም ይሁን ሰኞ ገበያ፣ አንድ ሰው አስከትለህ። የስፌት መኪና ከሆነ ቁራጭ ጨርቅና ክር ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ ጎማውን በእጅህ አዙር፣ ክሩን ከላይም ከሥርም አስገብተህ አንድ ክንድ ያህል ስፋ። ክር የሚበጥስ ከሆነ እዚያው ትተወዋለህ። ብሩን ዕቃውን ከፈተሽክ በኋላ በቴሌብር እፊቱ ላክ። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ፤ በጨረታ የተቆረጠን ዋጋ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ትንሽ ቀንስልኝ» ማለት ነውር ነው። ሰውየው ሌሎቹን ተጫራቾች ላንተ ብሎ አሰናብቷል። ዕቃው ያልተነገረ ጉድለት ካለበት ያ ሌላ ነው፤ ጉድለቱን አሳይተህ ተነጋገር። በደህና ዕቃ ላይ ግን «ሩቅ መንገድ መጣሁ» የዋጋ ማስቀነሻ አይሆንም።

ወደፊት ጨረታ ሳትገባ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፤ እኔ እየተናገርኩ የእህትህ ልጅ ነች የጻፈችልኝ፦ «ሰላም ወንድሜ። ካሸነፍኩ ዕቃውን የምረከበው የት ነው? እስከ ደሴ መናኸሪያ ስንት ይሆናል፣ ማሸጊያና ጫኝ አብሮ ነው? መኪናው ደሴ የሚገባ ይሁን። መንገድ ላይ ቢሰበር የማን ነው? መጥቶ ለሚወስድስ ስንት ቀን ትጠብቃለህ?» መልስ ካልሰጠህ አትጫረት። «እንነጋገራለን» ካለህም አትጫረት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሻጭ ስትሆን ደግሞ ይህችኑ ሳትጠየቅ ማስታወቂያህ ላይ አስፍራት። ከመላኪያ ላይ ትርፍ ልደብቅ የምትል ከሆነ እኔን ለሽምግልና አትጥራኝ።

የአሁኑን ነገር በተመለከተ እንዲህ ብያለሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ ያለው የመኪና ኪራይ ያንተ ነው፤ አልተነጋገራችሁም፣ ዕቃውም ያንተ ሆኗል። ነገር ግን «ደሴ ላክልኝ» ብለህ የጻፍክለት አለ፣ አይቼዋለሁ፤ ኮምቦልቻ የሚቀር አይሱዙ የመረጠው እሱ ነው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን እሱ ይቻል። የማሸጊያና የታክሲ ያለው ደረሰኝ የለውም፤ ውሸት ነው ግን አልልም፣ ግማሽ ለግማሽ ተካፈሉ። ከደሴ ቦሩ ሜዳ ያንተ ነው፣ አታንሳው። በኛ በወሎ አበጋር ሲያስታርቅ ሁለቱም ወገን ትንሽ ከፍሎ ነው የሚነሳው፤ አንዱ ሙሉ ረትቶ ሌላው ሙሉ ተረትቶ ከሄደ ነገሩ አድሮ ይነሳል። እሱ እንቢ ካለ በሁለት መቶ ብር ነገር ፍርድ ቤት አትሂድ፤ የታክሲው ይበልጥሃል። ቻናሉ ላይ የሆነውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ጻፍና ተወው። ስድብህን ግን ቀድመህ አንሳ፤ የሰደብከውን ሰው ገንዘብ መልስ ስትለው አይሰማህም።

አብሽር፣ ነገ በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ውረድ። ዕቃው በረንዳ ላይ ባደረ ቁጥር የማደሪያ ሊጠይቁህ ይችላሉ። መጀመሪያ ረዳቱን ይቅርታ ጠይቀው፤ ስለደወለልህ ብቻ ነው የተሰደበው። የላይኛውን ብረት ከእግሩ ፍታና ለየብቻ አስጭን፤ ብሎኖቹን በላስቲክ ቋጥረህ ኪስህ ክተት፣ አይሱዙ ላይ ከቀሩ አታገኛቸውም። ቤት ያለውን አሮጌ ብርድ ልብስ ይዘህ ሂድ፤ ሐረጎ ላይ ሲያንገጫግጭ ጎማው ከብረቱ ጋር እንዳይጋጭ ጠቅልለው። እናትህ ካርቶን እንዳለ ነግራኛለች፣ ከሷ ውሰድ፤ አዲስ አትግዛ።