የቆሼ ሙታንና የሰሊሆም ግንብ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በሥሩ ያሉትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከ110 ሰው በላይ አለቀ፤ ሴቶችና ሕፃናት ይበዙባቸዋል። እንዲህ ያለ መዓት በደረሰ ቁጥር «ቁጣ ነው፣ የኃጢአታችን ዋጋ ነው» ማለት ይቀናናል፤ እግዚአብሔርን ያከበርንም ይመስለናል። ወገኖቼ፣ ይህ ንግግር ከከሓዲው ጥያቄ ይልቅ እምነትን ይጎዳል፤ ምስክሬም ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

በጌታ ዘመን በሰሊሆም ግንብ ተደርምሶ 18 ሰው ገድሎ ነበር። ጌታ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረግጦ ተናገረ፤ የንስሐውንም ጥሪ በሕይወት ቆመው ወደሚሰሙት አዞረ። መከራ የወረደበትን የኢዮብን ወዳጆችም እንይ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ለቅሶ መድረስ ማለት ይህ ነው። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለእግዚአብሔር ጠበቃ ቆምን ብለው ቁስለኛውን ወነጀሉት። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ቅን ነገር ተናገረ የተባለው ያ ሁሉ እሮሮ ከአፉ የወጣው ኢዮብ ነው።

ደግሞስ የቆሼን ቆሻሻ የከመረው ማን ነው? ከየቤታችን የወጣ ነው። ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ የነበረው መጣያ በገበሬዎች ተቃውሞ ሲዘጋ፣ የቆሻሻ መኪኖቹ ተመልሰው ቆሼ ላይ ደፉ። በሥሩ ጎጆ የቀለሱት ሌላ መጠጊያ ያጡ ድሆች ናቸው። «ቁጣ ነው» ስንል የራሳችንን ዕዳ በእግዚአብሔር ስም እናወራርዳለን።

«እሺ፣ ይህስ የሰው ጥፋት ይሁን፤ ሕፃን በካንሰር ሲሞት የማን ጥፋት ነው?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። የሰው ነፃ ፈቃድ ለዚህ መልስ አይሆንም፤ ይሆናል የሚል ሰባኪ ሐዘንተኛውን ያቃልላል። ኢዮብም ቢሆን የመከራው ምክንያት እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። «ታዲያ ምክንያቱ ካልታወቀ ለምን እናምናለን?» ቢባል፣ እኛ የምናምነው ከሩቅ ሆኖ መከራን የሚያድል አምላክ አይደለም፤ ሥጋ ለብሶ የተገረፈ፣ በመስቀል ላይ ሆኖ ለምን እንደ ተተወ አባቱን በታላቅ ድምፅ የጠየቀ ነው። «ለምን?» የሚለው ጩኸት ከእርሱ አፍ ከወጣ፣ ከእምነት ውጭ የሆነ ጩኸት ሊባል አይችልም። «ለምን» የሚልም ሰው ፍትሕን ከአንድ ጌታ እየጠበቀ ነው፤ ማንም የለም ብሎ የቆረጠ ሰው ወደ ማን ይጮኻል? ስለዚህ በቆሼ ልጇን ያጣች እናት ቤተ ክርስቲያን ገብታ እግዚአብሔርን ብትሞግት፣ «አታማርሪ፣ እርሱ ያውቃል» ብለን አፏን የምናስዘጋበት ሥልጣን ከማንም አልተሰጠንም።