ውሃ ወደ ዳር የጣለው ነገር የማን ነው?



ባሕር ወደ ዳርቻ ስለሚተፋው ዐምበር ስለ ተባለው ውድ ሽቱ የቀደሙት ዑለማዎች ተነጋግረዋል። ኢብን ዐባስ ባሕር የጣለው ነገር ስለ ኾነ አምስተኛው እጅ አይከፈልበትም አሉ፤ ሐሰን አል-በስሪ ግን ይከፈልበታል አሉ። ክርክሩ ስለ ሀብት ነበረ። ውሃ ጉዳትን በጣለ ጊዜስ? ዐምበሩን ያገኘ ሁሉ የእኔ ነው ይላል፤ አረሙን ግን ማንም የእኔ ነው አይልም።

ይህን ጥያቄ ወደ ደጃችን ያመጣው እምቦጭ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲኾን፣ ሰዎች ለሐምራዊ አበባው ውበት ሲሉ ከአገር ወደ አገር አዞሩት። በሀገራችን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1965 በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ታየ። የደምቢያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። የሞጣና የቢቸና ነጋዴ «ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይኾናል። ነገር ግን በሰባራ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ዓባይ ከዚያው ሐይቅ የሚወጣ ነው፤ ገበያችንም ከባሕር ዳር ጋር የተሳሰረ ነው።

እንግዲህ ነቅሎ በውሃው ዳር የከመረ ሰው ግዴታውን ፈጽሟልን? አልፈጸመም እላለሁ። የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላልና፤ ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሲሞላ ክምሩን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ነፋስም ወደ ሌላው ሰው ዳርቻ ይገፋዋል። እሾኽን ከመንገድ ማንሣት ምጽዋት ነው፤ አንሥቶ በጎረቤት ደጃፍ መጣል ግን ምን ይባላል?

ነገሩ በሁሉ ስፍራ አንድ ነው ብለህ ግን አትቸኩል። በሜዲትራንያን ዳርቻ በስፔንና በኢጣልያ ከባሕሩ ወለል የሚበቅል ሣር ሞቶ በአሸዋው ላይ ይከመራል። ለመዝናናት የሚመጣው እንግዳ ሽታውን ስለሚጠላ የሆቴል ባለቤቶች በመኪና ያስጠርጉታል። ኾኖም ያ ክምር አሸዋውን ከክረምት ማዕበል የሚጠብቅ ነው፤ ሲነሣ ባሕሩ አሸዋውን ይወስደዋል። በዚያ ማንሣቱ፣ በዚህ መተዉ ጉዳት ኾነ፤ ለዓይንና ለአፍንጫ ግን ሁለቱም የበሰበሰ ሣር ናቸው።

ከእምቦጭ ማዳበሪያ ወይም የማብሰያ ጋዝ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው ትርፉ ሐላል ነው፤ ባለቤት የሌለውን ነገር ያነሣ የራሱ ነውና። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ እንጀራው በአረሙ ላይ የተመሠረተ ሰው ልቡ ሳያውቀው አረሙ እንዳይጠፋ መመኘት ይጀምራል። እርጥቡን ለከብት መኖ ወይም ለዕቃ መጠቅለያ ብሎ ወደ ሞጣ የሚጭንም ዘሩን ወደ ምንጮቻችን እየጫነ መኾኑን ይወቅ። (አበባውን ለቤት ጌጥ መውሰድም ከዚሁ ይቈጠራል።)

ለነቀላው ገንዘብ የሰጠህ ወንድሜ ሆይ! ስንት ሰው እንደ ወጣ ብቻ አትጠይቅ። ክምሩ ከውሃው ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ደርቆ እንደ ተቃጠለ ወይም በጉድጓድ እንደ ተቀበረ፣ ሰኔ ሳይገባ ጠይቅ።