በቅዳሴ ስለሚጠራው ስም

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም ዐርፎ ይገኛል። ዐፅሙ በዚህ ስፍራ በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው የተገደሉት ግን በ1971 ዓ.ም. ክረምት ነበር። በመካከሉ ባለው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሥጋቸው እንደ ጳጳስ ሥርዐት ሳይቀበር፣ የመቃብር ምልክትም ሳይቆምለት፣ በቀድሞው የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ውስጥ በምስጢር ተደብቆ ቈየ።

ይህን መቃብር የሚሳለም ሰው ስለ ሰማዕትነት ማሰቡ አይቀርም። ነገር ግን ጠልቆ ለሚያስብ ሰው ከሰማዕቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው የሌሎቹ ነገር ነው፤ ይኸውም ሳይገደሉና ሳይታሰሩ በየደብራቸው ሲቀድሱ የነበሩት የካህናቱ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በተቀደሰ ቍጥር የፓትርያርኩ ስም ይጠራል። ይህ ስም መጥራት እንደ ሰላምታ ወይም እንደ ማዕርግ ቈጠራ የሚታይ አይደለም። ካህኑ ከማን ጋር አንድ እንደ ሆነ፣ ክህነቱም ከየት እንደ መጣለት በታቦቱ ፊት የሚመሰክርበት ነው። እንግዲህ ከ1968 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1971 ዓ.ም. ክረምት ድረስ፣ አንዱ ፓትርያርክ በእስር ቤት በሕይወት ሳሉ፣ የሌላው ስም በመቅደስ ውስጥ ተጠራ። ቀዳሹ ያን ስም በአፉ ሲያወጣ ሕሊናው ምን ይለው ነበር? ዝም ብሎስ ቢተወው ማኅበሩን ምን ያደርገው ነበር?

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ በጎጃም በደብረ ኤልያስ በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በ1940 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆኑ፤ በሐረርም በጳጳስነት አገለገሉ፤ ከአቡነ ባስልዮስ ዕረፍት በኋላ በግንቦት 1963 ዓ.ም. በመንበሩ ተቀመጡ። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይሞላ አብዮቱ መጣ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቤተ ክርስቲያንን ከጥንት ጀምሮ ስትተዳደርበት ከኖረችው መሬት ነቀላት። ፓትርያርኩ በዚህ ጊዜ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳትን ሾሙ። ከሦስቱ አንዱ በአሜሪካ በፕሪንስተን ትምህርታቸውን ሲከታተሉ የተጠሩት፣ ኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። ደርጉ ይህን ሹመት እንደ ዐመፅ ቈጠረው፤ የገንዘብም ክስ ጨመረበት፤ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። አዲሶቹ ጳጳሳትም ታሰሩ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ፤ ሳይነገር ቢቀር ግን ሐሰት ይሆናል። መንግሥት በመንበሩ ላይ እጁን የጫነው በደርግ ዘመን ብቻ አይደለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል በኖረበት አገር፣ የጳጳሳት ምርጫ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይጸናም ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ በጽሑፍ አጸናው። ቤተ ክርስቲያን ይህን በደስታ ተቀብላ ኖረች፤ ንጉሡ የእምነቷ ልጅና ጠባቂዋ ነበርና። ደርጉ ንጉሡን ሲያወርድ የንጉሡን ሥልጣን ሳይጥል ወረሰው። ልጅ ይዞት የነበረውን ቍልፍ እንግዳ ሲይዘው በሩ ያው በር ነው። ስለዚህ በ1968 ዓ.ም. አይሆንም ለማለት የወደደ ሊቅ ሁሉ፣ ትናንት ለምን አልተባለም የሚል ጥያቄ ከገዛ ሕሊናው ይነሣበት ነበር።

በመንበሩ ተመርጠው የተቀመጡት አባት ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የካህናቱ ጭንቀት በቀለለ ነበር። ነገር ግን አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ በቀድሞ ስማቸው አባ መላኩ፣ በወላይታ ለብዙ ዘመን ወንጌልን ያስተማሩ፣ ድኾችንና ሙት ልጆችን የሰበሰቡ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ መናኝ ነበሩ። ፓትርያርክ ከሆኑም በኋላ ምናኔያቸውን አልተዉም። በግንቦት 1980 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሰው ሁሉ በጾማቸውና በጸሎታቸው ያከብራቸው ነበር። ታዲያ ካህኑ ስማቸውን ሲጠራ የጻድቅ ስም ጠራ። የጻድቅ ስም መጥራት በደል ነውን? ግን መንበሩ ባዶ አልነበረም፤ ባለ መንበሩ በእስር ቤት ይተነፍስ ነበር። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ዘመን ይህን ምክንያት አንሥታ፣ ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ሳይወርድ ሌላ አይሾምበትም ብላ፣ አዲሱን ሹመት ሳትቀበል ቀረች። ከሩቅ ሆኖ እንቢ ማለት ይቀላል የሚል ይኖራል፤ እውነትም ነው። ቢሆንም የቀለለው ምስክርነት ከጠፋው ምስክርነት ይሻላል።

የካህኑን ነገር ለመፍረድ የሚቸኵል ሰው ካህኑ ምን በእጁ እንደ ያዘ ያስብ። ቅዳሴው የእርሱ ንብረት አይደለም። ሕፃኑ ሊጠመቅ በደጅ ቆሟል፤ ሬሳው ፍትሐት ይጠብቃል፤ ባልቴቲቱ ለቍርባን ሌሊቱን ጾማ መጥታለች። እርሱ ሕሊናዬን አድናለሁ ብሎ መቅደሱን ቢዘጋ የሚራቡት እነዚህ ናቸው። በሌላ ወገን ደግሞ ይህ ምክንያት ሁልጊዜ የሚበቃ ከሆነ፣ ጕልበት ያለው ሁሉ በየዘመኑ የፈለገውን ስም በመቅደስ ሊያስጠራ ይችላል፤ ሕፃንና ሬሳ ያልነበሩበት ዘመን የለምና። ምናልባት ሸክሙ ከመንደር ቄስ ትከሻ ይልቅ በሲኖዶስ ትከሻ ላይ ማረፍ የነበረበት ነው። ሊቃነ ጳጳሳቱ በአንድነት ሊናገሩት የተገባቸውን ቃል ሳይናገሩ በቀሩ ጊዜ፣ ፍርዱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቀዳሽ ደረሰው፤ እያንዳንዱም ብቻውን በመጋረጃው ውስጥ ወሰነ።

በአሜሪካ ታሪክ ይህን የመሰለው ጭንቀት በሌላ መንገድ ሄዷል። የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች ለሕሊናቸው ብለው ባሕር ተሻግረው በማሳቹሴትስ ማኅበር ካቆሙ በኋላ፣ ከእነርሱ የተለየውን ሕሊና ራሳቸው አሳደዱት። ሮጀር ዊልያምስ የሚባለው ሰባኪ ዳኛ በነፍስ ነገር ሥልጣን የለውም ስላለ ተፈረደበት፤ በክረምት በበረዶ ውስጥ ወጥቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ፕሮቪደንስ የተባለችውን ሰፈር መሠረተ። በዚያ አገር ከማኅበሩ ያልተስማማ ሰው የሚሄድበት ጫካ ነበረው፤ ጫካው በእርግጥ የሌላ ሕዝብ ርስት ነበር፤ ዊልያምስ ግን ይህንንም በግልጽ ከተናገሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 በሕገ መንግሥታቸው ላይ የተጨመረው አንቀጽ፣ መንግሥት ሃይማኖትን እንዳያቆምና እንዳይከለክል የሚያዘው፣ ከብዙ እንዲህ ካሉ መከራዎች በኋላ የመጣ ነው።

መሄድ ግን የሁሉም መልስ አልነበረም። ሜሪ ዳየር የምትባል ሴት የኵዌከሮች እምነት ስለ ያዘች ከቦስተን ተባረረች፤ ብትመለስ እንደምትሞት ተነገራት፤ ተመለሰች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1659 ከስቅላቱ እንጨት ሥር ምሕረት ተደርጎላት ተለቀቀች። በሚቀጥለው ዓመት ዳግመኛ ተመለሰች፤ ሰኔ ሲጀምርም ተሰቀለች። የሮድ አይላንድ ነጻነት በአጠገቧ ሳለ ለምን ተመለሰች? ሕሊናዋ ለራሷ ብቻ የሚሆን ዕረፍት አላረካትም፤ ያ ክፉ ሕግ የወጣበት ማኅበር የእርሷም ማኅበር ነበርና።

የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚህ ባዶ አይደለም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ሰንበት ባደረጉት ክርክር ከአገር ወጥተው በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸው ግን ክህነት እየተነፈጋቸው አገር ውስጥ ጸኑ፤ መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ክርክራቸው ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ንጉሥ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ ተገረፉ፣ ተቈራረጡ፣ ተሰደዱ። አንዱን ሰምቶ ሌላውን የቀጣው ዙፋን አንድ ነው። ስለዚህ የሕሊና ሰው በዘመኑ እንደሚሰማ ወይም እንደሚጠፋ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ ብዙም በማይርቀው በመካኒሳ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ይገኛል። የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ በሚኒሶታ ተምረዋል። ያ ዘመን የአሜሪካ ጥቍሮች ለመብታቸው የተነሡበት፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከበርሚንግሃም እስር ቤት ሆነው ትዕግሥት ለሚመክሯቸው ቀሳውስት መልስ የጻፉበት ዘመን ነው። የሃይማኖቱ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ የቄስ ጉዲና ነገር ከዚህ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። በደርጉ ከታሰሩ በኋላ በታንዛንያው ፕሬዝዳንት በኔሬሬ አማላጅነት ተፈትተው ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተከፈተላቸው። እሳቸው ግን መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በዑራኤል ካለው ጸሎት ቤታቸው ሲወጡ ተያዙ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው እንደ ፓትርያርኩ ሁሉ ከደርጉ ውድቀት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ታሰሩ፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባም፤ ለሕሊና የሚከፈለው ዋጋ በባለ ሕሊናው ብቻ የሚከፈል አይደለምና። የፓትርያርኩና የቄሱ ደም በአንድ ክረምት ፈሰሰ፤ ሁለቱ ግን በአንድ መቅደስ ሊቀድሱ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ።

የስሙ ነገር በ1971 ዓ.ም. አላበቃም። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከደርጉ ውድቀት በኋላ ከመንበራቸው ወርደው ወደ ስደት ሄዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አቡነ መርቆሬዎስም ኑሯቸውን በአሜሪካ አደረጉ፤ በዚያም ስደተኛ ሲኖዶስ ተቋቋመ። ያ የ1968 ጥያቄ እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጠመንጃ በሌለበት አገር። በዋሽንግተንም በሎስ አንጀለስም የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት በሦስት ተከፈሉ፤ አንዳንዱ የአዲስ አበባውን ፓትርያርክ ስም ጠራ፣ አንዳንዱ የስደተኛውን፣ ገለልተኛ የተባለው ሁለቱንም ሳይጠራ ቀረ። ባልና ሚስት በተለያየ ደብር ያስቀደሱበት ቤት አለ። አንዳንዱ ጠብ እስከ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በባርነት ነገር ስለ ተከፈለ አንድ የሉዊቪል ቤተ ክርስቲያን ሲፈርድ፣ የዓለም ዳኛ የሃይማኖትን ክርክር እንደማይመረምር ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ዳኛው ስለ ሕንጻውና ስለ ማኅተሙ ሊፈርድ ቢችል፣ በቅዳሴ የማን ስም ይጠራ የሚለውን ሊወስንላቸው አልቻለም። ነጻነት ጥያቄውን አላነሣላቸውም፤ መልሱን ብቻ ለራሳቸው ተወላቸው።

በዚያው አገር በኒው ዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1808 የተመሠረተች፣ የኢትዮጵያን ስም የያዘች አቢሲኒያን የምትባል የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለች። የመሠረቷት ጥቍሮች ከነጮች ተለይታችሁ ተቀመጡ ሲባሉ እንቢ ብለው የወጡ ናቸው፤ ከመካከላቸው የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩ ተብሎ ይነገራል። እነርሱ ወጥተው ስም ለራሳቸው አወጡ። ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ የመጡት ኢትዮጵያውያን ግን ስሙን በአገር ትተው ሊወጡ አልቻሉም፤ የሚጠሩት ስም ከእነርሱ ጋር ባሕር ተሻገረ።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ አስተዳደሩ በስድስተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ማትያስ እጅ ሆኖ፣ በቅዳሴ ግን የሁለቱም ስም እንዲጠራ ተወሰነ። ቀኖናን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ሁለት ራስ ላንድ አካል እንዴት ይሆናል ብሎ ቢጠይቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ በ1968 ዓ.ም. ሊሆን ያልተቻለው ነገር፣ ይኸውም በሕይወት ያለ አባት በሕይወት እንዳለ በመቅደስ መመስከር፣ በዚህ ጊዜ ሆነ። ቀዳሾቹ ሁለቱን ስም እያከታተሉ እስከ የካቲት 2014 ዓ.ም. ድረስ ጠሩ። በዚያ ወር አቡነ መርቆሬዎስ ዐረፉ፤ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ካህናቱ የአንዱን ስም ብቻ መጥራት ቀጠሉ።