የእማዬ ጨጓራና ሁዳዴ

እማዬ ጨጓራዋን በመዳፏ ተጭና፣ ምሰሶውን ተደግፋ አገኘኋት። ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን እንድትውጥ የታዘዘላትን ኪኒን መሶቡ ሥር ሸሽጋዋለች። «ጾሜን በጠዋት አልሽርም፤ ሕመሙንም ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ።

እኔ ግን ጾም ሰው ወዶ የሚሰጠው ነገር ነው እላለሁ፤ ቁስል ግን ሳንወድ ይነጥቀናል። የተነጠቁትን እንዴት ስጦታ ይሉታል? የእማዬን ጨጓራ ያቆሰለው፣ ተመራማሪዎቹ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ከጨጓራ ያገኙት ባክቴሪያ በረሃብ አይሞትም፤ መድኃኒት ይፈልጋል።

የነፍስ አባቷ መጥተው ረጅም ሰዓት አዳመጧት። «ልጄ፣ እስክትድኚ ጠዋት ቅመሺና ዋጪ፤ ከሥጋና ከወተቱ ግን ተከልከዪ» አሏት።

በማግስቱ አጃ አፈላሁላት። አማትባ የመጀመሪያውን ኪኒን ዋጠች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።