ደመወዝ ይዞ መጾም

በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት ብዙ እኅቶቻችን የለፉበት ደመወዝ ሳይከፈላቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ነበር። እንዲህ ተበድላ ባዶ እጇን ግንደወይን የገባችውን እኅት «ምን አመጣሽልን?» አትበሏት። በኤጀንሲ ሄዳ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲውንም ከአሠሪዋ ጋር ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ውሏን ይዛ ስትከስስ አብረናት እንቁም።

እኛስ? ባዕዱን ስንኮንን ቤታችንን እንይ። ሙሴ የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል አዟል (ዘዳ. 24፥15)። ኢሳይያስም እየጾሙ ሠራተኛ የሚያስጨንቁትን ገሥጿል (ኢሳ. 58፥3)። ወንድሜ ሆይ፣ ከሥጋና ከወተት ተከልክለህ የቤት ሠራተኛህን፣ የእረኛህን ደመወዝ ከያዝህ፣ ጾምህ ምኑ ላይ ነው? ዛሬውኑ ክፈልና ለጸሎት ቁም።