ግራ እጅህን ወንጭፍ ስታስተምር

ልጄ፣ ቀኝ ትከሻህ እስኪሽር እጅህን አጣጥፈህ እንደማትቀመጥ፣ የዘንድሮውን ገብስ በግራ እጅህ እየወነጨፍህ ለመጠበቅ እንዳሰብህ ሰማሁ። ደግ አስበሃል። ቀኝህ ከሻረ በኋላም ልፋትህ ከንቱ አይቀርም። በእኛ አገር ማሳው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮው ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድርና ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ሲወጣም በአንድ በር አይደለም። ግማሹ ፊት ለፊትህ ሣር ሲነጭ ግማሹ ከወደ ጀርባህ እሸቱ ውስጥ ገብቷል። የቆምህበትን ቦታ በቀኝ በኩል ቋጥኝ ወይም ጅብራ ከጋረደው ደግሞ ወንጭፍህን የምታዞርበት ስፍራ የለህም። ያን ጊዜ በግራውም የሚወነጭፍ ሰው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ማሳውን ያድናል። ቀኙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቦታ ሲቀይር እሸቱ ያልቃል።

ስለ ግራ እጅህ አንድ ነገር አስቀድመህ እወቅ። ሰነፍ አይደለም፤ የኖረበት ሥራ ሌላ ነው። ስታጭድ ማጭዱ በቀኝህ ነው፣ ግራህ አገዳውን ጨብጦ ይይዛል። እንጨት ስትጠርብ፣ በግ ስትገፍ፣ ጥጃ ስታስር፣ ሁልጊዜ ግራው ይይዛል፣ ቀኙ ይሠራል። ዕድሜ ልኩን መያዝ የለመደ እጅ ነው። ወንጭፍ ላይ ደግሞ ማዞሩን ጉልበት ያለው ሁሉ ይችለዋል። ድንጋዩን ካሰብህበት የሚያደርሰው በገመዱ ጫፍ ያለው ቋጠሮ ከጣቶችህ የሚያመልጥባት ቅጽበት ናት። ስለዚህ ግራህን የምታስተምረው መልቀቅን ነው። ድካምህን ሁሉ እዚያ ላይ አውለው።

ወንጭፉን ለግራ እጅህ ለብቻው ግመድለት። የቀኝህ ወንጭፍ ማጥለቂያው በቀኝ ጣትህ ልክ ሟሽሿል፣ ገመዱም በቀኝህ አዟዟር ተጠምዝዞ ደርቋል። ቃጫም ሆነ ጠፍር፣ አዲሱን ከለመድኸው አጠር አድርገው። እጅህን ወደ ታች ለቀህ ስትይዘው ድንጋዩ የሚቀመጥበት ሰፊው መሃሉ ከጉልበትህ ጥቂት ዝቅ ቢል ይበቃል። ረጅም ወንጭፍ ሩቅ ይጥላል፣ ግን የጀማሪን ስሕተትም አብሮ ያረዝማል። እጅህ ሲፈታ ታስረዝመዋለህ።

ከእጅህ በፊት እግርህን አስተካክል። በቀኝህ ስትወነጭፍ ግራ እግርህ ከፊት ነው፣ ይህን ሳታስበው ታደርገዋለህ። ወደ ግራ እጅ የሚዞር ሰው ግን ወንጭፉን ወደ ሌላው እጁ ያዛውርና እግሩን እንደነበረ ይተወዋል። ወገቡ ይቆለፋል፣ ኃይሉ ሁሉ ትከሻው ላይ ይወድቅና ጥቂት እንደወረወረ ይዝላል። ከዚያም «ግራዬ ጉልበት የለውም» ይላል። ቀኝ እግርህን ወደ ፊት አውጣ፣ ግራውን ከኋላ ትከል፣ በምትለቅበት ጊዜ ክብደትህ ከኋለኛው ወደ ፊተኛው እግርህ ይሸጋገር። ያለ ወንጭፍ፣ ባዶ እጅህን እያወዛወዝህ ይህን ደጋግመው። ሰው ቢያይህ አትፈር።

አዟዟሩም ይገለበጣል። ከራስህ በላይ በቀኝህ ስታዞር ድንጋዩ በቀኝ ጎንህ በኩል ወደ ፊት፣ በግራ ጎንህ በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። በግራህ ስታዞር በግራ ጎንህ በኩል ወደ ፊት መምጣት አለበት። እጅህ በድሮው አቅጣጫ ሊያዞር ይታገልሃል። ተቃወመው። በድሮው አቅጣጫ ካዞርህ ድንጋዩ ወደ ፊት የሚሄደው በሌላኛው ጎንህ ስለሚሆን ክንድህ ከራስህ ጋር ይጋጫል።

አሁን ወደ መልቀቁ እንምጣ። በመጀመሪያ ድንጋይ አትጨምርበት። ባዶውን ወንጭፍ አዙርና ልቀቅ፣ ጫፉ ሲጮህ ስማው። ጩኸቱ ከፊትህ ከሆነ በጊዜው ለቀሃል፣ ወደ ጎንህ ዞሮ ከጮኸ ዘግይተሃል። ጆሮህ ከዓይንህ ቀድሞ ይማራል። ቀጥሎ የአፈር ጓል ያዝ። ጓል ለመማሪያ የሚመረጥበት ምክንያት አለ፤ ቢስትህና ሰው ወይም ከብት ቢያገኝ ጉዳቱ ከድንጋይ ያነሰ ነው፣ መሬት ሲነካም ፈርሶ አቧራ ስለሚያስነሳ የት እንደወደቀ ታያለህ። ድንጋይ ሣር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ከጠፋ ድንጋይ ደግሞ ምንም አትማርም።

አወዳደቁን ማንበብ ልመድ። በቀኝ እጁ የሚወነጭፍ ሰው ሲዘገይ ድንጋዩ ወደ ግራው ያፈነግጣል፣ ሲቸኩል ወደ ቀኙ። በግራ እጅ ይህ ይገለበጣል፤ ስትዘገይ ወደ ቀኝህ ይሄዳል፣ ስትቸኩል ወደ ግራህ። በቀኛቸው የተካኑ ሰዎች በግራ ሲጀምሩ ብዙ የሚያስቸግራቸው ይህ ነው። ጓሉ ወደ ቀኝ ሲያፈነግጥ ባዩ ጊዜ የድሮው ልምዳቸው «ቸኩለሃል፣ ዘግይ» ይላቸዋል፣ ይበልጥ ይዘገያሉ፣ ይበልጥም ያፈነግጣል። ያንተም ጓል በብዛት ወደ ቀኝህ እንደሚሄድ ከአሁኑ ልንገርህ። ግራህ መያዝ የለመደ ነው ብዬሃለሁ፣ ቋጠሮውን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ከምታስበው ቀደም ብለህ ልቀቅ። ቋጠሮውን በጡጫህ አትጨብጠው፤ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ጫፍ ብቻ ያዘው። ጠዋት ውርጭ ሲኖር ደግሞ ጣት ይደነዝዛልና እጅህን ብብትህ ውስጥ ሳታሞቅ አትጀምር። የደነዘዘ ጣት ሁልጊዜ ይዘገያል።

ከማሳው ውጭም ግራህን መልቀቅ አስለምደው። እናትህ ለጓሮው አመድ ስትበትን ተቀበላትና በግራህ በትን። እጅ እየተወዛወዘ መከፈትን የሚማረው እንዲህ ነው። ለዶሮዎቹ እህል ስትበትንም እንደዚሁ። ዘር ግን በግራህ አትዝራ፤ ተራው ተዛንፎ አንዱ ጋ ታፍኖ ሌላው ጋ ይሳሳል፣ የዓመት ጉርስ መለማመጃ አይደለም።

በቀን ጥቂት ወርውርና ተው። መዛል ስትጀምር የሚወረወር ወንጭፍ ክፉ ልማድ ይተክላል፣ ክፉ ልማድን ነቅሎ እንደገና መትከል ደግሞ ከባዶ ከመጀመር ይከብዳል። በመሃል በመሃል፣ ቀኝ ትከሻህ የማይታመም ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደልህ፣ ባዶ ወንጭፍ በቀኝህ ቀስ ብለህ አዙርና ሰውነትህ ምን እንደሚያደርግ ልብ በል፦ ወገብህ መቼ እንደሚዞር፣ አገጭህ ወዴት እንደሚያይ፣ ትንፋሽህን መቼ እንደምትለቅ። ያንኑ ለግራህ አሳየው። ቀኝ እጅህ ለግራው ከማንም የተሻለ መምህር ነው። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካ አገር ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች አንዱ እጅ የተለማመደው ለሌላውም እንደሚተርፍ አሳይተዋል፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም ይህንኑ ደጋግመው አረጋግጠዋል። ግራህ የሚጀምረው ከባዶ እንዳልሆነ ስታውቅ ልብህ ይበረታል።

መጽሐፉንም ታውቀዋለህ። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ላይ ከብንያም ወገን 700 የተመረጡ ግራኞች ተጽፈዋል፤ ድንጋይ ሲወነጭፉ ፀጉር እንኳ አይስቱም ነበር። ሰው የሚያስታውሰው እነሱን ነው። እኔ ግን በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 12 ያሉትን እወዳቸዋለሁ። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በጺቅላግ ሳለ ወደ እሱ የመጡት፣ እነሱም የብንያም ወገን የሆኑት፣ በቀኝም በግራም ድንጋይ ይወረውሩ፣ ፍላጻም ይሰዱ ነበር። ግራኝ ሆኖ የተወለደ የተሰጠውን ይዞ ያድጋል። በሁለቱም እጁ የሚወረውር ግን ከሁለት አንዱን ለምዶ ያመጣው መሆን አለበት። አንተ የምትመደበው ከእነዚህ ጋር ነው። በግራ እጅ ሰላምታ መስጠትና መጉረስ በእኛ ወግ ነውር መሆኑ ያለ ነው፤ ሥራን ግን ግራ እጅ ሠራው ብሎ የናቀ አባት አላየሁም።

ጎርጎራ ያለው የአክስትህ ልጅም ይህን ቢሰማ ይጠቀማል። ጣና ዳር ቆሞ በዘንግ መንጠቆ የሚወረውር ሰውም እጁን ሲቀይር እግሩን መቀየር ይረሳል፣ ክሩንም ከጣቱ ዘግይቶ ይለቃል። መወርወሪያው ይለያይ እንጂ መማሪያው አንድ ነው።

አሁን የምነግርህን ከሁሉ አስበልጠህ ያዝ። በግራህ መምታት ስትጀምር ደስታው እንስሳውን ወደ መምታት ይወስድሃል። አትምታው። ጭላዳው የሚኖረው በሣር ነው፣ ወደ ገብሱ የሚመጣው እሸት ሲያይ ነው፤ ከፊቱ ድንጋይ ሲወድቅና ወንጭፉ ሲያፏጭ ይመለሳል። እጁ ያልጠና ወንጫፊ ደግሞ ማስፈራራት ፈልጎ ሊያቆስል ይችላል፣ ስለዚህ ከመንጋው ራቅ አድርገህ አልም። ዋልያውንም እንዲሁ አትንካው። ጨነቅ ላይ በመንገዱ ዳር ሲግጥ አይተሃል፤ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ሌላ የዱር መኖሪያ የለውም። የሰሜን ተራሮች ፓርካችን እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ ከዚያ የወጣው ገና በ2017 ነው። ዋልያው እንዲመለስ ብሎ ከርስቱ የተነሣ ሰው አለ፤ የግጭ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ የወረዱት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይህን ያህል የተከፈለበት እንስሳ በአንድ የሳተ ድንጋይ ዓይኑ እንዳይጠፋ። ጎብኚ በሚያልፍበት መንገድ በኩልም ፈጽሞ አትወንጭፍ። የግራ እጅ ጀማሪ ድንጋይ አንዳንዴ ወደ ኋላም ይወጣልና ጀርባህንም ሳታይ አታዙር።

ልምምዱን ከተዘራው ማሳ ራቅ ብሎ ባለው ጠፍ ላይ ጀምር፣ ጀርባህን ለግንብ ስጥ። ለኢላማ የደረቀ የጅብራ ግንድ ትከል። በመጀመሪያ በቅርብ ቁም፣ ከአሥር እርምጃ አትራቅ። ጓሉ ግንዱን ባይነካም በግራና በቀኝ እኩል መውደቅ ከጀመረ ጣትህ መልቀቅ ተምሯል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ራቅ በል። ታናሽ እህትህም ጓል እያቀበለች አጠገብህ ትቆማለችና ወንጭፍ ስትጠይቅህ አትከልክላት። ለእሷ ሁለት ግመድላት፣ አንዱን ለቀኟ፣ አንዱን ለግራዋ፣ ከመጀመሪያው ቀን በሁለቱም ትጀምር።